የጥይት ፍጥነት አለካክ፦ ጥይታቸውን ራሳቸው ለሚሞሉ አዳኞች

እንደምን አመሻችሁ።

የዛሬው ጉዳያችን ባዶ ቀለሃ በእጅ ሞልቶ ለአደን ጠመንጃ ማዘጋጀት፣ ከዚያም የተሞላው ጥይት በምን ፍጥነት እንደሚወጣ መለካት ነው። ከሁለቱ ሰፋ ያለውን ጊዜ የምሰጠው ለልኬቱ ነው። የአሞላሉ ሥርዓት በባሩድና በአረር አምራቾች መመሪያ ውስጥ በዝርዝር ተጽፎ ይገኛል። መለኪያው የሚያወጣውን ቁጥር አንብቦ መረዳት ግን ሌላ ሥራ ነው። ብዙ ሰው በአምስት ተኩስ የተገኘን ቁጥር እንደ ማስረጃ ይይዘዋል፤ ያው ቁጥር ስለ አደጋ የሚነግረውን ግን ሳያይ ያልፋል። ምሽቱን ሙሉ የምከራከረው ለዚህ ነው፦ ፍጥነት ከሁሉ በፊት በቀለሃው ውስጥ ስለተፈጠረው ግፊት የሚመሰክር ቁጥር ነው፤ ምስክርነቱ የሚታመነውም ተኩሱ ሲበዛና አለካኩ ሲጠነቀቅ ነው።

በቃላቱ እንግባባ። ጥይት ስል ወደ ካዝና የሚገባውን ሙሉውን ነው። አረር ከጥይቱ ጫፍ ተለይታ የምትበረዋ ናት። ቀለሃ ከተኩስ በኋላ ተስፈንጥሮ የሚወድቀው ነው። ፕራይመር በቀለሃው ቂጥ መሃል የምትቀመጥ ትንሽ ቆብ ናት፤ የጠመንጃው መርፌ ሲመታት ብልጭ ብላ ባሩዱን ትለኩሳለች። በዚህ ሙያ ክብደት የሚነገረው በግሬይን ነው። 1 ግሬይን 0.0648 ግራም ሲሆን 7,000 ግሬይን አንድ ፓውንድ ይሞላል። ፍጥነትን በጫማ በሴኮንድ የሚጽፍ መመሪያ ሲያጋጥማችሁ በ0.3048 አባዙት፤ ሜትር በሴኮንድ ይሆናል። ለምሳሌ የምጠቀመው እ.ኤ.አ. በ1952 ገበያ ላይ የዋለውን .308 ዊንቸስተር የተባለውን የጠመንጃ ጥይት ዓይነት ነው። አረሩ 168 ግሬይን፣ ማለትም 10.9 ግራም ገደማ፣ ከአፈሙዝ ሲወጣ ፍጥነቱ 820 ሜትር በሴኮንድ አካባቢ ነው እንበል።

የሰው ልጅ ይህን ፍጥነት መለካት የጀመረው ከኤሌክትሪክ በፊት ነው። እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ሮቢንስ እ.ኤ.አ. በ1742 ያሳወቀው ዘዴ ከባድ ግንድ እንደ ፔንዱለም አንጠልጥሎ በጥይት መምታት ነበር። የእኛን አረር 10 ኪሎ በሚመዝን የተንጠለጠለ እንጨት ላይ ብንተኩስ እንጨቱ በሴኮንድ 0.9 ሜትር በማይሞላ ፍጥነት ወደ ኋላ ይሄድና ወደ 4 ሳንቲሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ያችን ከፍታ በጥንቃቄ የለካ ሰው የአረሩን ፍጥነት በስሌት ያገኘዋል። በ1860ዎቹ ቤልጅጋዊው የጦር መኮንን ለ ቡላንዤ በኤሌክትሮማግኔት የተያዘ ዘንግን የሚጠቀም መሣሪያ ሠራ። አረሩ የመጀመሪያውን ሽቦ ሲበጥስ ዘንጉ ይወድቃል፤ ሁለተኛውን ሲበጥስ በዘንጉ ላይ ምልክት ይታተማል። የወደቀበት ርዝመት ጊዜውን ይናገራል። የዛሬዎቹ መሣሪያዎችም ከአንዱ ዓይነት በስተቀር የሚያደርጉት ያንኑ ነው፤ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለፈውን ጊዜ ይለካሉ።

በጣም የተለመደውና ርካሹ በብርሃን የሚሠራው ነው። ሁለት የብርሃን ዓይኖች አሉት፤ አረሩ በላያቸው ሲያልፍ ጥላውን አይተው ሰዓቱን ያስነሳሉ፣ ያቆማሉ። በዓይኖቹ መካከል 60 ሳንቲሜትር ካለ አረሩ ያንን ርቀት የሚያልፈው ከሴኮንድ አንድ ሺህኛ ባነሰ ጊዜ፣ በ0.73 ሚሊሴኮንድ ነው። እዚህ ላይ 1 ሚሊሜትር ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ተመልከቱ። ዓይኖቹን የሚይዘው ዘንግ ላልቶ ርቀቱ 601 ሚሊሜትር ቢሆን ንባቡ በ1.4 ሜትር በሴኮንድ ይሳሳታል። ዘንጉ 30 ሳንቲሜትር ብቻ ከሆነ ያችው አንድ ሚሊሜትር ስህተቱን እጥፍ ታደርገዋለች። ስለዚህ ተጣጣፊ መሣሪያ ከሆነ ማጠፊያው ሙሉ በሙሉ መዘርጋቱን ሳታረጋግጡ አንድም ጥይት አትተኩሱ።

ማዘንበልም ያሳስታል። አረሩ ከመሣሪያው ጋር ትይዩ ሳይሆን በ5 ዲግሪ አግድም ካለፈ የሚጓዘው መንገድ ይረዝማል፤ ንባቡም 3 ሜትር በሴኮንድ ያህል ዝቅ ይላል። ሌላው ብርሃኑ ራሱ ነው። ዝቅ ብላ የቆመች ፀሐይ የአረሩን ሆድ ስታበራው ዓይኑ ጥላውን ዘግይቶ ያያል። ደመና የሸፈነው ሰማይ ለዚህ መሣሪያ ምርጥ ነው፤ ፀሐይ ከበረታች ነጩን የብርሃን ማለዘቢያ ከላይ መግጠም ያስፈልጋል። ቤት ውስጥ የፍሎረሰንት መብራት ከሆነ መብራቱ ስለሚርገበገብ የሌለ ቁጥር ሊመጣ ይችላል።

መሣሪያውን ከአፈሙዙ ምን ያህል ማራቅ ይገባል? ለአደን ጠመንጃ 4 ሜትር አካባቢ ጥሩ ነው። በጣም ከቀረበ አረሩን ተከትሎ የሚወጣው የጋዝ ፍንዳታና ያልተቃጠለ ባሩድ ዓይኑን ያታልሉታል፤ ነፋሱም ማቆሚያውን ይነቀንቀዋል። አራት ሜትር ላይ የሚነበበው ግን ከአፈሙዙ ፍጥነት ትንሽ ያንሳል። የእኛ አረር መጀመሪያ ላይ በየሜትሩ ከ0.7 እስከ 0.8 ሜትር በሴኮንድ ያህል ስለሚያጣ 3 ሜትር በሴኮንድ መጨመር ትክክል ነው።

አሁን ብዙ መሣሪያ ስለተበሳበት ስህተት ልናገር። የማነጣጠሪያው መነጽር ከበርሜሉ መሃል በላይ ከ4 እስከ 5 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ተቀምጧል። በመነጽሩ ስታዩ መንገዱ ከመሣሪያው በላይ ንጹህ ይመስላል፤ አረሩ ግን በ4 ሜትር ላይ ገና ከዕይታችሁ መስመር በታች ነው። ውጤቱ የተበሳ የፍጥነት መለኪያ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጡ፣ መዝጊያውን አውጡና ከኋላ በበርሜሉ ቀዳዳ ውስጥ ዒላማውን እዩ። ጠመንጃውን ሳታንቀሳቅሱ መሣሪያውን የቀዳዳው መስመር ከዓይኖቹ በላይ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር እንዲያልፍ አድርጋችሁ አቁሙት። ሰው ወደ መሣሪያው በሚሄድበት ጊዜ ሁሉ ጠመንጃው ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፤ ማንም አይነካውም።

ሁለተኛው ዓይነት በበርሜሉ ጫፍ ሥር በቀበቶ የሚታሰረው የማግኔት መለኪያ ነው። ብርሃን አይፈልግም፣ ዝግጅቱ ፈጣን ነው፣ ቁጥሩም የታመነ ነው። ችግሩ በርሜሉ ላይ ክብደት መጫኑ ነው። በርሜል ሲተኮስ እንደ ጅራፍ ይርገበገባል፤ ጫፉ ላይ ክብደት ሲጨመርበት አረሩ የሚያርፍበት ቦታ ይቀየራል። በዚህ መሣሪያ ፍጥነት እየለካችሁ የዒላማችሁን ወረቀት ለትክክለኛነት መፈተኛ አታድርጉት። ሁለቱን ሥራ ለየብቻ ሥሩ።

ሦስተኛው ራዳር ነው። ወደ አረሩ ሞገድ ይልካል፣ ተመልሶ የመጣው ሞገድ በምን ያህል እንደተቀየረ አይቶ ፍጥነቱን ያሰላል። በ24 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ራዳር 820 ሜትር በሴኮንድ ከሚሄድ አረር የሚያገኘው ልዩነት ወደ 131 ኪሎኸርዝ ነው፤ ይህን መቁጠር ለዛሬ ኤሌክትሮኒክስ ቀላል ነው። ላብራዳር የተባለው መሣሪያ ይህን ዘዴ ወደ ተራው ተኳሽ ጠረጴዛ አመጣው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ጋርሚን ዜሮ ሲ1 ፕሮ ደግሞ በኪስ የሚያዝ አደረገው። ከአፈሙዙ ፊት ምንም አይቆምም፣ ፀሐይም አያስቸግረውም። መጠንቀቅ ያለባችሁ ከአፈሙዙ ጎን ትንሽ ወደ ኋላ አድርጋችሁ ወደ ዒላማው ትይዩ እንድታዞሩትና ከጎናችሁ የሚተኩስ ሰው ካለ የእሱ ተኩስ በእናንተ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ እንዳይመዘገብ ነው።

ወደ አሞላሉ ልለፍ፤ አጠር አደርገዋለሁ። በብዙ አገር ይህ ሥራ በሕግ የተገደበ ነው፤ ለሚፈቀድለት ሰው ብቻ ነው የምናገረው። ጠረጴዛው ላይ አንድ የባሩድ ጣሳ ብቻ ይቀመጣል፤ ሌላው ሁሉ መደርደሪያው ላይ። የሽጉጥ ባሩድ በጠመንጃ ቀለሃ ውስጥ ከገባ ጠመንጃውንም ተኳሹንም ይጎዳል፤ ሁለቱ ባሩዶች ደግሞ በዓይን ሲታዩ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። የዓይን መከላከያ ይደረጋል፤ አይጨስም፤ ከሥራው በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል፣ የእርሳስ ብናኝ ምግብ ውስጥ እንዳይገባ።

ቀለሃው መጀመሪያ በዓይን ይመረመራል። አንገቱ ከተሰነጠቀ ይጣላል። ከቂጡ ትንሽ ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚያበራ ቀለበት ከታየ ደግሞ ግድግዳው ከውስጥ እየሳሳ ነው። ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ ወደ ውስጥ አስገብታችሁ ግድግዳውን ስትዳስሱት ሽቦው እንደ ጉድጓድ ባለ ነገር ላይ ከተያዘ ቀለሃው በሚቀጥለው ተኩስ ሁለት ቦታ ሊለያይ ነው። ይህ የሚመጣው በተኩስ የሰፋውን ቀለሃ ወደ ቅርጹ ሲመልሱ ትከሻውን፣ ማለትም ወደ አንገቱ የሚጠብበትን ቦታ፣ ከሚገባው በላይ ወደ ኋላ ስለገፉት ነው። መዝጊያው በእጅ ለሚከፈት የአደን ጠመንጃ ትከሻውን ከ0.05 ሚሊሜትር ባልበለጠ መግፋት ይበቃል። ከዚያ ርዝመቱ ይለካል። ለ.308 ዊንቸስተር ከፍተኛው የቀለሃ ርዝመት 51.18 ሚሊሜትር ነው፤ ያለፈው ወደ 50.93 ይከረከማል። ይህን የዘለለ ሰው የቀለሃው አፍ ከበርሜሉ መጀመሪያ ጋር ተጋጭቶ አረሩን አንቆ እንዲይዘው ያደርጋል፤ አረሩ ሳይላቀቅ ባሩዱ ሲቃጠል ግፊቱ ከፍ ይላል።

የባሩዱ መጠን ከአምራቹ መመሪያ ይወሰዳል፤ ከጓደኛ አይወሰድም። መመሪያው ከጻፈው ከፍተኛ መጠን 10 በመቶ ዝቅ ብላችሁ ጀምሩ፤ ለዚህ ጥይት በየ0.3 ግሬይን እየጨመራችሁ ውጡ። ከአረሩ፣ ከፕራይመሩ ወይም ከቀለሃው ዓይነት አንዱ ከተቀየረ እንደገና ከታች ይጀመራል። ግድግዳው ወፍራም የሆነ ቀለሃ ውስጡ ጠባብ ስለሆነ በዚያው ባሩድ የበለጠ ግፊት ይፈጥራል፤ ጠንካራ የሚባለው የማግነም ፕራይመርም ከተራው ጋር አንድ አይደለም። ሚዛኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ ይበራ፣ በመመዘኛ ድንጋዩ ይፈተሽ፣ ከነፋስና ከስልክ ይራቅ። ሁሉም ቀለሃ ባሩድ ከገባበት በኋላ አረር ከመቀመጡ በፊት ትሪው ላይ እንዳሉ ከላይ በባትሪ መብራት አብርታችሁ የባሩዱን ከፍታ እዩ። ባዶ የቀረ ካለ ወይም ሁለት ጊዜ የተሞላ ካለ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ አረሩ ከተቀመጠ በኋላ ማየት አይቻልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ለ.308 ዊንቸስተር የአሜሪካው የአምራቾች ተቋም ሳሚ የወሰነው ከፍተኛ ግፊት 62,000 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ነው፤ የአውሮፓው ሲአይፒ 4,150 ባር ይላል፣ ሁለቱ በአለካክ ይለያያሉ። እኛ ቤታችን ውስጥ ይህን ግፊት የምንለካበት መሣሪያ የለንም። የተለመደው መፈተሻ ተኩሶ ቀለሃውን ማየት ነው፦ ፕራይመሩ ተጠፍጥፎ ከሆነ፣ መርፌው በመታው ቦታ ዙሪያ ከንፈር ካወጣ፣ ቂጡ ላይ የማስወጫው የሚያበራ ምልክት ከታተመ፣ መዝጊያው አልነሳ ብሎ እጅ ከከበደው ግፊቱ ከፍ ብሏል ይባላል። ምልክቶቹ እውነት ናቸው። ሲታዩ መቆም ግዴታ ነው። ነገር ግን ዘግይተው ይመጣሉ። ለስላሳ ፕራይመር በመጠነኛ ግፊትም ይጠፈጠፋል፤ ጠንካራው ገደቡን ካለፈ በኋላም ደህና ይመስላል። ቀለሃው ምንም ሳያሳይ ከገደቡ በላይ መሆን ይቻላል።

ፍጥነቱ ግን ቀድሞ ይናገራል። አረሩን ከበርሜሉ የሚያስወጣው ግፊቱ ስለሆነ በተመሳሳይ ባሩድና በተመሳሳይ የበርሜል ርዝመት ከመመሪያው በላይ ፍጥነት ያገኘ ሰው ያንን ትርፍ በግፊት ከፍሎታል። በነጻ የሚመጣ ፍጥነት የለም። ወደ ላይኛው ጫፍ ሲጠጋ ደግሞ ክፍያው ይከብዳል፤ ፍጥነቱ በመቶኛ ከሚጨምረው ግፊቱ ከእጥፍ በላይ ይጨምራል። አንድ ምሳሌ። መመሪያው በ61 ሳንቲሜትር በርሜል ከፍተኛው መጠን 820 ሜትር በሴኮንድ ሰጠ ይላል። የእናንተ በርሜል 51 ሳንቲሜትር ነው። ለእንዲህ ያለ ጥይት በየሳንቲሜትሩ 3 ሜትር በሴኮንድ ገደማ ስለሚጠፋ መጠበቅ ያለባችሁ 790 አካባቢ ነው። ከከፍተኛው መጠን ገና 1 ግሬይን ዝቅ ብላችሁ መለኪያው 815 ካሳየ ደስ የሚል ውጤት አይምሰላችሁ። ወይ ሚዛኑ ተሳስቷል፣ ወይ ቀለሃው ጠባብ ነው፣ ወይ አረሩ በጣም ወደ ፊት ተቀምጦ የበርሜሉን ጠመዝማዛ ነክቷል። እዚያው ቁሙ። በርሜሎች በተፈጥሯቸው ስለሚለያዩ የ10 ሜትር ልዩነት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ከ25 በላይ ልዩነት ግን ምክንያቱ ሳይገኝ አይታለፍም።

በተቃራኒው ድምፁ የታፈነ፣ ርግጫው የላላ፣ መለኪያውም በጣም ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳየበት ወይም ምንም ያላነበበበት ተኩስ ሲያጋጥም ሌላ ጥይት አታቀባብሉ። አረሩ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ከኋላው ሌላ ከተተኮሰ በርሜሉ ይፈነዳል። ጠመንጃውን ባዶ አድርጉ፣ መዝጊያውን አውጡ፣ ብርሃን በቀዳዳው ሲያልፍ በዓይናችሁ እዩ። ምላጭ ተስቦ ምንም ካልተኮሰ ደግሞ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞራችሁ 60 ሴኮንድ ጠብቁ፤ ፕራይመሩ ዘግይቶ ሊለኩስ ይችላል።

ስንት ጥይት መለካት እንደሚበቃ ብዙ ክርክር አለ። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ልታገሱኝ ነው፤ ከዚህ ሙያ ውስጥ ብዙ ሰው በከንቱ ባሩድ የሚያቃጥለው እዚህ ቦታ ነውና። አንድ ሰው አምስት ጥይት ተኩሶ የፍጥነቱ መዋዠቅ፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን የሚባለው፣ 5 ሜትር በሴኮንድ መጣለት እንበል። እውነተኛው መዋዠቅ ግን በ95 በመቶ እርግጠኝነት ሊባል የሚችለው ከ3 እስከ 14.4 መካከል ነው ብቻ። ይህ ማለት ምንም አላወቀም። አሥር ቢተኩስ ከ3.4 እስከ 9.1፣ ሃያ ቢተኩስ ከ3.8 እስከ 7.3 ይሆናል። አማካዩ ቶሎ ይረጋጋል፤ አሥር ተኩስ ለአማካይ ይበቃል። መዋዠቁን ለማወቅ ግን ቢያንስ ሃያ ያስፈልጋል።

በትልቁና በትንሹ ንባብ መካከል ያለውን ልዩነት ለማወዳደሪያ የሚጠቀሙም አሉ። ያ ቁጥር ተኩሱ በበዛ ቁጥር በራሱ ያድጋል። እውነተኛው መዋዠቅ 6 ከሆነ በሦስት ተኩስ በአማካይ 10፣ በአምስት 14፣ በሃያ ደግሞ 22 ሜትር በሴኮንድ ይደርሳል፤ ጥይቱ ግን ያው ነው። ስለዚህ የሦስት ተኩስን ከሌላ ሰው የአሥር ተኩስ ጋር ማወዳደር ትርጉም የለውም።

ከዚህ የሚወለደው ትልቁ ስህተት ደረጃ ፍለጋ ነው። በየ0.3 ግሬይኑ አንድ አንድ ጥይት ሞልቶ፣ ተኩሶ፣ ፍጥነቱ ያልጨመረበትን ቦታ እንደ ምርጥ መጠን የሚመርጥ ሰው ብዙ ነው። እንመርምረው። በእኛ ጥይት 0.3 ግሬይን በአማካይ 5 ሜትር በሴኮንድ ይጨምራል። የአንድ ተኩስ መዋዠቅ 6 ከሆነ የሁለት ነጠላ ተኩሶች ልዩነት መዋዠቁ 8.5 ነው። ስለዚህ ባሩድ የተጨመረበት ጥይት ካልተጨመረበት እኩል ወይም ቀርፋፋ ሆኖ የሚነበበው ከአራት ጊዜ አንዴ በላይ ነው፤ በአጋጣሚ ብቻ! ያ ጠፍጣፋ ቦታ በሚቀጥለው ሳምንት ሲሞከር ሌላ ቦታ ሄዶ ይገኛል። ደረጃ በደረጃ መውጣቱ ለግፊት ምርመራ አስፈላጊ ነው፤ ምርጥ መጠን ለመምረጥ ግን አያገለግልም።

የመዋዠቁንም ምንጭ በዚሁ ሒሳብ መፈለግ ይቻላል። ሚዛኑ በ0.1 ግሬይን ቢሳሳት ፍጥነቱን የሚቀይረው 1.7 ሜትር በሴኮንድ ያህል ነው። የተለያዩ ምንጮች የሚደመሩት በካሬያቸው ስለሆነ ከጠቅላላ መዋዠቅ 6 ላይ የሚዛኑን 1.7 ሙሉ በሙሉ ብታስወግዱ የሚቀረው 5.75 ነው። እያንዳንዷን የባሩድ ፍሬ ለመቁጠር የሚጠፋው ሌሊት ያመጣው ለውጥ ይህ ነው። ይልቅ የቀለሃው አንገት አረሩን የሚይዝበት ጥንካሬ አንድ ዓይነት መሆኑን፣ ቀለሃዎቹ ከአንድ አምራችና እኩል ጊዜ የተተኮሱ መሆናቸውን፣ ባሩዱ ቀለሃውን በደንብ መሙላቱን ተመልከቱ። ባሩዱ ቀለሃውን ግማሽ ብቻ ከሞላ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ መተኛቱ ብቻ ፍጥነቱን ይለውጠዋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ጥይት በአንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ወደ ጠመንጃው አስገቡ።

ሙቀት ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። ለሙቀት ስሱ የሆነ ባሩድ በየዲግሪ ሴልሺየሱ ከ0.8 እስከ 1 ሜትር በሴኮንድ ይጨምራል፤ እንዲቋቋም ተብሎ የተሠራው ከ0.1 እስከ 0.3 አካባቢ። በ10 ዲግሪ ጠዋት እስከ ከፍተኛው ድረስ የተሞከረ ጥይት በ35 ዲግሪ ቀትር ላይ 20 ሜትር በሴኮንድ ተጨምሮበት ይገኛል፤ ያ ጭማሪ ከየት እንደመጣ ቀደም ብለን አይተናል። ጥይት በመኪና መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ አይቀመጥ። ብዙ ከተተኮሰ በኋላ በጋለ በርሜል ውስጥ ጥይት አስገብቶ ደቂቃ ሙሉ ማነጣጠርም ባሩዱን ያሞቀዋል። ስትለኩ የአየሩን ሙቀት ብቻ ሳይሆን ጥይቱ የነበረበትን ቦታ ጭምር ጻፉ።

አዳኝ ይህን ሁሉ ለምን ይፈልገዋል? ርቀቱ ይወስነዋል። ፍጥነቱ በ10 ሜትር በሴኮንድ ቢቀንስ የእኛ አረር በ200 ሜትር ላይ ከ1 ሳንቲሜትር ባነሰ ዝቅ ይላል፤ በ300 ሜትር 2 ሳንቲሜትር፤ በ600 ሜትር ግን ወደ 10። ከ200 ሜትር ወዲህ ለሚተኩስ አዳኝ መዋዠቁን ከ8 ወደ 4 ለማውረድ መድከም ትርፍ የለውም፤ ያንን ጥይት ተንበርክኮና ቆሞ ለመለማመድ ያውለው። ለእሱ ይበልጥ የሚያስፈልገው የአረሩ መከፈቻ ፍጥነት ነው። የአደን አረር ሲመታ ካልተከፈተ በቀጭኑ በስቶ ያልፋል፤ እንስሳውም ቆስሎ ይሄዳል፣ ይህ ደግሞ ማንም ሊቀበለው የማይገባ ነገር ነው። አምራቾች ዝቅተኛውን ፍጥነት ይጽፋሉ፤ ለብዙዎቹ አረሮች ከ490 እስከ 600 ሜትር በሴኮንድ መካከል ነው፣ ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠሩት ወደ ላይኛው ይጠጋሉ። ከአፈሙዝ የለካችሁትን ይዛችሁ አረሩ በስንት ሜትር ላይ ከዚያ በታች እንደሚወርድ አስሉ። ያ ርቀት፣ የጥይቱ ትክክለኛነት ምንም ያህል ቢሆን፣ የመጨረሻው የአደን ርቀታችሁ ነው።

በስሌት የወጣውን ደግሞ በዒላማ አረጋግጡት። ጠመንጃውን በ100 ሜትር አስተካክላችሁ በ300 ሜትር ላይ አሥር ተኩሱ፤ መሃሉ ከስሌቱ ጋር ካልገጠመ ቶሎ ብላችሁ ፍጥነቱን አትለውጡ። መጀመሪያ ርቀቱ በትክክል 300 መሆኑን፣ የመነጽሩ ማስተካከያ በየጠቅታው የተጻፈለትን ያህል መንቀሳቀሱን፣ ስሌቱ ውስጥ የገባው የአየር ግፊትና ሙቀት የዚያ ቀን መሆኑን እዩ። 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ወለሉ 79 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ የአፈሙዙ ፍጥነት አይቀየርም፣ አረሩ በመንገድ ላይ የሚያጣው ግን በጣም ያንሳል።

መዝገቡ ላይ ለእያንዳንዱ ስብስብ ቀኑ፣ የባሩዱ ስምና የጣሳው ተከታታይ ቁጥር፣ መጠኑ፣ የአረሩ፣ የፕራይመሩና የቀለሃው ዓይነት፣ ቀለሃው ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ፣ ጠቅላላ ርዝመቱ፣ ሙቀቱ፣ መለኪያው ከአፈሙዙ የራቀበት ርቀትና ሁሉም ንባቦች አንድ በአንድ ይጻፋሉ። አማካዩን ብቻ ጽፋችሁ ንባቦቹን አትጣሉ። የማይመስል ቁጥር ሲመጣም ደስ ስላላላችሁ ብቻ አትሰርዙት፤ መሣሪያው ስለመሳሳቱ ማስረጃ ካላችሁ ከጎኑ ምክንያቱን ጽፋችሁ ተዉት። አዲስ በርሜል ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ 100 እስከ 200 ጥይቶች በኋላ ፍጥነቱ ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ስለሚረጋጋ በዚያን ጊዜ እንደገና ይለካል፤ የዚያን ጊዜ ከፍታ ሳያስተውል የቀድሞውን ከፍተኛ መጠን የሚሞላ ሰው ከገደቡ ሊያልፍ ይችላል።

በሙከራው ላይ የግፊት ምልክት ከታየ ደረጃው ላይ ያሉት የቀሩት ጥይቶች አይተኮሱም። በመዶሻ መሰሉ መንቀያ አረሩ ይወጣል፤ በሚመታው ጥይት ውስጥ ፕራይመር ስላለ ለመንቀያው የተሠራውን መያዣ ብቻ ተጠቀሙ። አረሩና ቀለሃው እንደገና ይሠራሉ። የወጣው ባሩድ ከየትኛው ጣሳ እንደመጣ በትንሹም ቢሆን ከተጠራጠራችሁ ወደ ጣሳው አይመለስም፤ ይወገዳል።